ሕንድ ወርቅ የምትገዛው ስለ ምን ነው?

በዚህ ትምህርት ቤት ስለ አገር ዕድገት ክርክር በተነሣ ቍጥር የማይቀር አንድ አነጋገር አለ። ይኸውም «ኋላ ቀር ሕዝብ ገንዘቡን ወርቅ አድርጎ ይቀብራል፤ የሠለጠነ ሕዝብ ግን በባንክ ያኖራል» የሚለው ነው። ተናጋሪው ምሳሌ ቢጠየቅ ከሕንድ ሌላ አገር አይጠራም፤ ሕንድን ጠርቶም አዳራሹን አስቆ ይቀመጣል። እኛ ምሳሌውን እንቀበለዋለን፤ ሳቁንና ፍርዱን ግን ለመቀበል አልቻልንም። ከአንድ ሺህ አራት መቶ ሚሊዮን የማያንስ ሕዝብ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ አንድ ነገር ሲያደርግ ቢገኝ፥ የተማረ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ምን ያህል ሞኝ ቢሆን ነው?» ብሎ ሳይሆን «ምን ቢያይ ነው?» ብሎ ይመስለናል። ስለዚህ በዚህ እትም የሕንድን የወርቅ ነገር ጥቂት ሰፋ አድርገን ለማየት አስበናል። (የምንጠቅሳቸው ወራትና ዓመታት በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የነገሩን መጠን እንመልከት። ሕንድ ከራሷ ምድር የምታወጣው ወርቅ ከቍጥር የሚገባ አይደለም፤ በደቡብ ያለው ስመ ጥሩው የኮላር ማዕድን ከመቶ ዓመት በላይ ከተቈፈረ በኋላ በ2001 ተዘግቷል። ቢሆንም በ2024 የአገሩ ሕዝብ የገዛው ወርቅ 800 ቶን ያህል ነበር። ከዚህ ውስጥ 560 ቶን የሚሆነው ለጌጥ፥ የቀረው 240 ቶን ደግሞ ጥፍጥፍና ሳንቲም ሆኖ ለማኖሪያ የተገዛ ነው። አብዛኛው በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚገባ ነው። በየቤቱ ተከማችቶ የሚገኘው ደግሞ 25,000 ቶን ገደማ እንደሚሆን ይገመታል። ለማነጻጸር ያህል፥ ከመንግሥታት ሁሉ የበለጠ ወርቅ ያለው የአሜሪካ መንግሥት ግምጃ ቤት የያዘው 8,133 ቶን ነው፤ የሕንድ ማዕከላዊ ባንክ በ2025 የነበረው 880 ቶን ያህል ነው። እንግዲህ የሕንድ ቤተሰቦች በሣጥንና በአንገት የያዙት ወርቅ የአሜሪካንን ግምጃ ቤት ሦስት እጥፍ፥ የገዛ መንግሥታቸውን ባንክ ደግሞ ከሃያ አምስት እጥፍ በላይ ነው ማለት ነው።

ይህን ያህል ወርቅ በጌጥ ፍቅር ብቻ አይሰበሰብም። ነገሩን ከሥሩ ለማየት ከልጃገረዲቱ ሠርግ መነሣት ያስፈልጋል። በብዙው የሕንድ ክፍል መሬትና ቤት ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚተላለፉ ነበሩ፤ ሴት ልጅ ከአባቷ ቤት ስትወጣ ድርሻዬ ብላ ይዛ የምትሄደው ለሠርጓ የተሰጣትን ወርቅ ነበር። ይህ ሀብት «ስትሪድሃን» ይባላል፤ ትርጕሙም የሴት ሀብት ማለት ነው። በልማዱም በሕጉም የባልዋ ሳይሆን የራሷ ነው። በ1956 የወጣው የሂንዱ የውርስ ሕግ ሴት በእጇ ያለውን ሀብት በሙሉ ባለቤትነት እንድትይዝ አደረገ፤ ሆኖም በጋራው የቤተሰብ ርስት ላይ ሴት ልጅ ከወንድሟ እኩል በትውልድ መብት ያገኘችው በ2005 በተደረገው ማሻሻያ ነው። በ2005 የተወለደች ልጅ ዛሬ በእኛ ዕድሜ ያለች ተማሪ ናት። እንግዲህ የዚህች ተማሪ እናት አምባሯን የሙጥኝ ብትል በምን እንፈርድባታለን?

ከሴቲቱ ቀጥሎ ገበሬው አለ። ዝናቡ ሰምሮ አዝመራው የገባለት እንደ ሆነ ከትርፉ ጥቂት ግራም ይገዛል፤ ዝናቡ የቀረ እንደ ሆነ ያንኑ ወርቅ ይዞ ከተማ ይወርዳል። ወርቅ ቤቱ በሚዛን ላይ አኑሮ ወዲያው ይከፍለዋል፤ ወይም መያዣ አድርጎ ያበድረዋል። ቅጽ ሙላ፥ ዋስ ጥራ፥ የመሬትህን ካርታ አምጣ የሚለው የለም፤ ማንበብ መቻሉንም የሚጠይቀው የለም። በዚህ ላይ የወረቀቱን ገንዘብ ታሪክ እንጨምርበት። በ1991 መጀመሪያ አንድ የአሜሪካ ዶላር 20 ሩፒ እንኳ አይሞላም ነበር፤ በ2025 መጨረሻ 90 ሩፒ ደርሷል። ሩፒውን በሣጥን ያኖረና ወርቁን በሣጥን ያኖረ ሁለት ጎረቤታሞች ዛሬ ሣጥናቸውን ቢከፍቱ ማን አዋቂ ኖሯል እንደሚባል ለአንባቢ እንተወዋለን።

የሕንድ መንግሥት ይህን ልማድ ለማስተው ያልሞከረው ነገር የለም። በ1962 ከቻይና ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ የውጭ ምንዛሪ ስላጠረ፥ የዚያን ጊዜው የገንዘብ ሚኒስትር ሞራርጂ ዴሳይ በጃንዋሪ 1963 ከ14 ካራት በላይ አዲስ ጌጥ እንዳይሠራ የሚከለክል ደንብ አወጡ። ሕዝቡ የሚያውቀውና የሚያምነው 22 ካራቱን ነው፤ 14 ካራት ማለት ከሃያ አራት እጅ አሥሩ ሌላ ብረት የሆነ ማለት ስለሆነ እንደ ማጭበርበር ቈጠረው። ደንቡ የመታው ወርቅ ያከማቸውን ሀብታም አይደለም፤ ከአባቱ በወረሰው መዶሻና ወናፍ የሚያድረውን አንጥረኛ ነው። ብዙ አንጥረኞች ሥራ ፈቱ፤ ራሳቸውን እስከ መግደል የደረሱም ነበሩ። የ14 ካራቱ ነገር ከጥቂት ዓመታት በላይ ባይቈይም፥ በ1968 የወጣው የወርቅ ቍጥጥር ሕግ ደግሞ ማንም ግለሰብ ጥፍጥፍና የወርቅ ሳንቲም እንዳይዝ ከለከለ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የታወቀ ነው። ከዱባይ ወደ ቦምባይ የሚመላለሱት ጀልባዎች በሌሊት ወርቅ ማራገፍ ጀመሩ። የሕንድ ፊልም እያየን ያደግን ሁሉ ያንን በወደብ ላይ ሣጥን የሚያወርደውን ወርቅ አሻጋሪ እናውቀዋለን፤ የፊልሙ ደራሲዎች ከምናባቸው ብቻ አልፈጠሩትም። ሕጉ በ1990 ተሻረ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሠራበት ሕዝቡ ወርቅ መውደዱን አልተወም፤ ከሕግ በታች መገበያየትን ግን በሚገባ ተማረ።

የታሪክ ቀልድ ይሉታል፥ ሕጉ በተሻረ በዓመቱ፥ በ1991፥ የሕንድ የውጭ ምንዛሪ አልቆ ለሦስት ሳምንት ያህል ዕቃ ማስገቢያ ብቻ ቀረ። መንግሥት ዕዳውን መክፈል አቅቶት እንዳይዋረድ ያደረገው ምንድን ነው? መጀመሪያ 20 ቶን ወርቅ ለስዊስ ባንክ በመልሶ መግዛት ውል ሸጠ፤ ይህም 20 ቶን ከኮንትሮባንድ ነጋዴዎች የተወረሰ ነበር! ቀጥሎም 47 ቶን ያህል የማዕከላዊውን ባንክ ወርቅ በእንግሊዝና በጃፓን ባንኮች ዘንድ መያዣ አድርጎ 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተበደረ። ገበሬው ዝናብ ሲቀርበት የሚያደርገውን መንግሥቱም በተራው አደረገው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «የሞተ ሀብት» ተብሎ የተሰደበው ወርቅ መሆኑን ልብ ይሏል።

ቢሆንም ትምህርቱ ብዙ አልቈየም። በ2012 መጀመሪያ 2 ከመቶ የነበረው የወርቅ ቀረጥ በኦገስት 2013 ወደ 10 ከመቶ ከፍ አለ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ቺዳምባራም ሕዝቡን «ወርቅ አትግዙ» ብለው እስከ መማጸን ደረሱ። ከሚገባው ወርቅ አምስተኛው እጅ ተሠርቶ ወደ ውጭ ይላክ የሚል ደንብም ተጨመረ፤ እስከ ኖቬምበር 2014 ድረስም ቈየ። በጕምሩክ በኩል የሚገባው በርግጥ ቀነሰ፤ በጫማ ተረከዝና በቀበቶ ውስጥ የሚገባው ግን በዓመት 200 ቶን ገደማ እንደ ደረሰ ተገመተ። ሚኒስትሩ የለመኑት ሕዝብ ልመናውን አልሰማም ማለት ነው።

በኖቬምበር 2015 መንግሥት ዘዴውን ለወጠ፤ ከቍጣ ወደ ማባበል መጣ። ሁለት ነገርም አቀረበ። አንደኛው፥ ሕዝቡ ወርቁን በባንክ አስቀምጦ በዓመት እስከ 2.5 ከመቶ ወለድ እንዲያገኝ ነው። ነገር ግን ጌጡ ለዚሁ ሲሰጥ ይቀልጣል። የእናቷን የሠርግ አምባር ያስቀመጠች ሴት ጊዜው ሲደርስ የምትቀበለው ጥፍጥፍ ወይም ገንዘብ እንጂ ያንን አምባር አይደለም። ይህን ያቀደው ሰው ኤኮኖሚክስ የተማረ ለመሆኑ አንጠራጠርም፤ እናት ያለችው ለመሆኑ ግን ያጠራጥራል። እስከ 2024 መጨረሻ የተሰበሰበው 31 ቶን ያህል ብቻ ሆነ፤ ከ25,000 ቶኑ ጋር ሲተያይ ከሺህ አንድ ጥቂት ከፍ ያለ ነው። በማርች 2025 የመካከለኛውና የረጅሙ ጊዜ ተቀማጭ ቀረ።

ሁለተኛው የወርቅ ቦንድ ነበር። ገዢው ወርቁን በእጁ ሳይነካ በወርቅ ዋጋ የተተመነ ወረቀት ይገዛል፤ ወለድ ይቀበላል፤ ከስምንት ዓመት በኋላም የዚያን ጊዜው የወርቅ ዋጋ ይከፈለዋል። ይህ በከተማ ደመወዝተኞች ዘንድ ተወደደ። የመጀመሪያው ቦንድ ለአንድ ግራም በ2,684 ሩፒ ተሽጦ በኖቬምበር 2023 በ6,132 ሩፒ ተከፈለ። መንግሥትም ሒሳቡን ባየ ጊዜ ደነገጠ፤ ከፌብሩዋሪ 2024 ወዲህ አዲስ ቦንድ ሳያወጣ ቀረ። እንግዲህ የወርቅ ዋጋ ብዙ አይወጣም ብሎ የተወራረደው ባለ ዲግሪው የገንዘብ ሚኒስቴር ነው፤ ይወጣል ያለችው ፊደል ያልቈጠረችው የገጠር ሴት ናት። ልዩነቱን የከፈለው ደግሞ ግብር ከፋዩ ነው፤ ከግብር ከፋዩም ውስጥ ያችው ሴት ጨው ስትገዛ ያለች ይመስለናል።

ቀረጡ በጁላይ 2022 እንደ ገና ወደ 15 ከመቶ ወጥቶ ነበር። በጁላይ 2024 መጨረሻ ግን በአንድ ጊዜ ወደ 6 ከመቶ ወረደ፤ ሱቆቹ ተጨናነቁ፥ የአሻጋሪውም ትርፍ ቀጠነ። በዚያው ሰሞን፥ በሳምንት ልዩነት ውስጥ፥ በእኛም አገር ተመሳሳይ ነገር ተደርጓል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተወሰነ፤ ከዚያ በፊት በድንበር በኩል ይወጣ የነበረው የባህላዊ አምራቾች ወርቅ ወደ ብሔራዊ ባንክ መጕረፍ ጀመረ፤ የቀረበውም መጠን በብዙ እጥፍ ጨመረ። ሕንድ ወርቅ ገዢ፥ እኛ ወርቅ ሻጭ ነን፤ መንገዳችን ተቃራኒ ነው፤ ነገሩ ግን አንድ ነው። ወርቅ በስብከትም በፖሊስም አይመጣም፥ በዋጋ ይመጣል። አያቶቻችንም ቢሆኑ በ1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ ማርያ ትሬዛውን ሁሉ ለባንክ አላስረከቡም፤ ብዙው ዛሬም መስቀልና ድሪ ሆኖ በአንገት ላይ ይታያል፤ የቀረው የት እንደ ተቀበረ የቀበረው ያውቃል።

አሁን ወደ ዛሬው ሁኔታ እንመለስ። በኤፕሪል 2025 የአሥር ግራም ወርቅ ዋጋ በሕንድ 100,000 ሩፒ አለፈ። በዚያው ዓመት ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ባሉት ሦስት ወራት የተገዛው 209 ቶን ያህል ነበር፤ ከፊተኛው ዓመት ተመሳሳይ ወራት ጋር ሲተያይ በክብደት 16 ከመቶ ቀንሷል፥ በገንዘብ ግን 23 ከመቶ ጨምሯል። በክብደቱ ብቻ ያየ ሰው «ሕንዶች ወርቅ ተዉ» ይላል፤ በገንዘቡ ብቻ ያየ ደግሞ «አብደው ገዙ» ይላል። ሁለቱንም አብሮ ላየ ሰው የሚታየው፥ ቤተሰቡ ከቀድሞው የበለጠ ገንዘብ አውጥቶ ከቀድሞው ያነሰ ወርቅ ይዞ መግባቱ ነው። የቀነሰውም ጌጡ ነው፤ ጥፍጥፉና ሳንቲሙ ጨምሯል። ይህ ማለት የወርቁ ባለቤት እየተለወጠ ነው፤ ከሙሽራይቱ ወደ ገንዘብ አኗሪው እያለፈ ነው።

ጌጥ የሚገዛውም ቢሆን ያረጀውን ሰጥቶ አዲስ ያሠራል፥ ወይም ወደ 18ና ወደ 14 ካራት ይወርዳል። በጁላይ 2025 መንግሥት በምርመራ ማኅተም ከሚያረጋግጣቸው ጌጦች መካከል 9 ካራቱም ገብቷል። በ1963 በሕግና በቅጣት ያልተቻለው 14 ካራት ዛሬ በዋጋ ውድነት በገዛ እግሩ መጥቶ ገበያ ላይ ተቀመጠ። በአንድ በኩል ግን ልዩነት አለ። ከጁን 2021 ጀምሮ የጌጥ ወርቅ ማኅተም ግዴታ ስለሆነ፥ ገዢዋ የተሸጠላት በርግጥ የተባለው ካራት መሆኑን ታውቃለች። ስለ ወርቅ መንግሥት ካደረገው ሁሉ እኛ ያለ ማመንታት የምናመሰግነው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ሕዝቡን ከመቅጣትና ከማታለል ይልቅ ለሕዝቡ ሚዛን መያዝ ስለሆነ ነው።

ስለ ብሩም አንድ ቃል እንበል። ሂንዱዎች ወርቅን የሀብት እመቤት የላክሽሚ ስለሚሉት በእግር ላይ አያደርጉትም፤ የእግር አልቦ የሚሠራው ከብር ነው። ወርቅ የራቀው ድኻም ወደ ብር ይሄዳል። በ2024 ሕንድ ያስገባችው ብር ከ7,600 ቶን በላይ ነበር፤ ከዚህም ከፊሉ የፀሐይ ኃይል መቀበያ ሰሌዳና የኤሌክትሪክ ዕቃ ለሚሠሩ ፋብሪካዎች ነው። በኦክቶበር 2025 የዲዋሊ በዓል ሰሞን የብር ጥፍጥፍ ከሕንድ ገበያ ጠፍቶ ዋጋው የለንደንን ገበያ አናወጠ፤ አንዱ አውንስም 50 ዶላር አለፈ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላስ? የእኛ ግምት ይህ ነው። የሚገዛው ወርቅ በክብደት እየቀነሰ ይሄዳል፤ ለወርቅ የሚወጣው ገንዘብ ግን አይቀንስም። መያዣውም ይበዛል። በ2024–25 የበጀት ዓመት የሕንድ ባንኮች በጌጥ መያዣ የሰጡት ብድር ከእጥፍ በላይ አድጓል፤ ይህን «የሞተው ሀብት ሕያው ሆነ» ብለው የሚያደንቁ አሉ። እኛ ግን ቶሎ አናደንቅም። አምባሯን አስይዛ የዘር መግዣና የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ የምታገኝ ሴት ከአራጣ አበዳሪ ድናለች፤ ይህ እውነት ነው። የወርቅ ዋጋ አንድ ቀን የወደቀ እንደ ሆነ ግን ባንኩ ተጨማሪ መያዣ ይጠይቃታል፤ ከሌላትም ይሸጥባታል፤ ያን ጊዜ ስትሪድሃኑም ብድሩም አንድ ላይ ሄደ።

ከሁሉ የከበደን ግን ሌላ ነው። ወርቅ የሴት መጠጊያ መሆኑን ከላይ ስንናገር ቈይተናል፤ ያው ወርቅ ደግሞ የሴት መገደያ ሆኗል። የሙሽራው ወገን በጥሎሽ ስም መጠየቅ በ1961 በወጣ ሕግ የተከለከለ ነው፤ ነገር ግን በፖሊስ መዝገብ የሚመዘገበው በዚህ ሰበብ የሞቱት ሴቶች ቍጥር በዓመት ከ6,000 በላይ ነው። በኬራላ የሠርግ ወርቅ የሚቈጠረው «ፓቫን» በሚሉት ስምንት ግራም ነው፤ የጎረቤት ልጅ ይህን ያህል ፓቫን ይዛ ገባች ከተባለ የዋጋው መናር ለአባትየው ምክንያት አይሆነውም። ዋጋው ሲወጣ የቀድሞ ሙሽሮች ሀብታም ሆኑ፥ የዛሬዎቹ አባቶች ግን ባለ ዕዳ ሆኑ። ስለዚህ «ወርቅ መግዛት ሞኝነት ነው» የሚለውን ስንቃወም «ወርቅ መልካም ነው» ማለታችን እንዳይመስል። የምንለው፥ አንዲት ሴት መሬት በስሟ፥ የባንክ ደብተር በስሟ፥ ደመወዝ በእጇ ሲኖራት ወርቁን በልኩ ትወደዋለች፤ እነዚህ ሳይኖሯት ግን ቀረጡ 6 ቢሆን 15 ቢሆን አምባሯን አትሰጥም ነው። ይህም ግምት ብቻ አይደለም፤ ከ1963 ጀምሮ የተደረገውን ሁሉ ስናይ ሌላ መልስ አላገኘንም።

አዳራሹን ያሳቁት ተከራካሪዎቻችን መልስ ቢኖራቸው በሚቀጥለው እትም አንድ ሙሉ ገጽ ጠብቀንላቸዋል፤ የኤኮኖሚክስ መምህሮቻችንም ቢሳተፉ ደስታችን ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር እንለምናለን። ለዕረፍት ወደ ቤት የምትሄዱ ተማሪዎች ሁሉ እናታችሁን፥ አክስታችሁን፥ አያታችሁን ሁለት ጥያቄ ጠይቁልን፤ በራሷ እጅ ስንት ግራም ወርቅ ወይም ስንት ጠገራ ብር አላት? በራሷ ስምስ በባንክ ስንት ብር አላት? መልሱን በቍራጭ ወረቀት ጽፋችሁ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ባለው ሣጥን ክተቱት። ስም መጻፍ አያስፈልግም።